ነገ የሚናፈቅ ጨዋታና ዛሬ የማይለቅ ጨዋታ



ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀለምና ወረቀት ማባከን መስሎ ሊታየው ይችላል። የትምህርት ችግር፥ የመኝታና የምግብ ችግር ሞልቶ ሳለ ስለ ጨዋታ ምን ያስጽፋል የሚለን አይታጣም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ከመካከላችን ብዙው ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ምሽቱን የሚያሳልፈው በጌም ፊት ከሆነ፥ ያ ምሽት ምን እንደሚሰጠንና ምን እንደሚወስድብን መመርመር የተማሪ ግዴታ ነው። ልብ ወለድ ስናነብ «ደራሲው ታሪኩን ለምን አስረዘመው? እዚህ ላይ ለምን አዘገመ? እዚያስ ለምን ተጣደፈ?» እያልን የምንጠይቅ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፥ ጆይስቲክ እጃችን ሲገባ ይህንኑ ጥያቄ የምንረሳበት ምክንያት የለም።

ጥያቄያችን ይህ ነው። አንድን ጨዋታ ደግመን ደጋግመን እንድንጫወተው የሚያደርገን ምንድን ነው? ረጅምነቱ ነውን? አጭርነቱ ነውን? ወይስ አረማመዱ?

በተማሪው ዘንድ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ጨዋታ ማለት ረጅም ነው፤ መቶ ሰዓት የማያጫውት ጌም ገንዘብ መጣያ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ረጅሙን ማን ይጨርሰዋል? ዐሥር ደቂቃ ተጫውቶ መነሣት ነው እንጂ» ይላል። ወላጆቻችንና አንዳንድ መምህራኖቻችን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ፤ አጭር ጨዋታ ጉዳት የሌለው፥ ረጅም ጨዋታ ግን ተማሪን የሚያሰንፍ ይመስላቸዋል። በእኛ አስተያየት ሦስቱም የሚለኩት የማይለካውን ነው። ሰዓቱን ይቆጥራሉ፤ ሰዓቱ በምን እንደ ተሞላና የት ላይ እንደሚቆም ግን አይጠይቁም።

አሳባችን እንዳይምታታ ሦስት ቃላትን አስቀድመን እንለይ። «ርዝመት» ስንል ሁለት ነገር ነው፤ የጨዋታው ጠቅላላ ርዝመት አለ፥ የአንዱ ዙር ርዝመት አለ። የእግር ኳሱ ጌም ጠቅላላ ርዝመት የለውም፤ ዓመት ሙሉ ቢጫወቱት አያልቅም፤ አንዱ ግጥሚያ ግን አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያበቃል። «አረማመድ» ስንል ጨዋታው መቼ እንደሚሮጥ፥ መቼ እንደሚያዘግም፥ መቼ እንደሚያሳርፍ ማለታችን ነው። «የመደጋገም ዋጋ» ስንል ደግሞ አንድ ጊዜ የተጫወትነውን እንደገና ስንጫወተው የምናገኘው አዲስ ነገር ነው። መደጋገሙ ብቻውን ዋጋ አይደለም፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንሳፍፈው ወደምናውቀው ቦታ እንውረድ። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤ፥ እንዲሁም በሆሳዕና መንገድ ላይ ያለችው፥ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ የሆነችው ቡታጅራ፥ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ ጌም ቤት አላቸው። ቤቱ ምን እንደሚመስል ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። አንድ ጠባብ ክፍል፥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፥ በፊቱ አግዳሚ ወንበር፥ በወንበሩም ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሕዝብ። ክፍያው ወይ በጌም ወይ በሰዓት ነው። ብዙ ጊዜም «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚል ሕግ አለበት።

ይህ የክፍያ ሥርዓት ቀላል ነገር አይደለም። የጨዋታውን ርዝመት የሚወስነው ጌሙን የሠራው ኩባንያ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ሦስት ሰዎች ይወስኑታል፤ ጌሙን የሠራው፥ ቤቱን የከፈተው፥ ከኋላ ቆሞ «ጨርሱ እንጂ!» የሚለው ባለ ተራ። እቤቱ ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወት የውጭ አገር ወጣት የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል። እኛ ሦስቱንም እናውቃለን። ስለ ጨዋታ ርዝመት በውጭ አገር ሰዎች የሚጻፈው ሁሉ እንዳለ የማይሠራልን ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ረጅሙን ጨዋታ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ሳን አንድሪያስ» በአገራችን ያላየው ጌም ተጫዋች አለ ለማለት ያስቸግራል። ዋናው ሰው ለእናቱ ቀብር ወደ ሠፈሩ ይመለሳል፤ በብስክሌት ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ በሦስት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለመከተል ብዙ ቀን ይጠይቃል። በፕሌስቴሽን 2 ላይ ደግሞ ያንን የብዙ ቀን ድካም የምታስቀምጠው 8 ሜጋባይት የምትይዝ አንዲት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ናት። ካርዷ በሌለችበት፥ ወይም ካርዷን ሌላ ልጅ በራሱ ጨዋታ በሸፈናት ቤት፥ ተጫዋቹ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከቀብሩ ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ከተማ መንገድ እንደ ሠፈሩ መንገድ የሚያውቅ፥ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከተማ ግን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ልጅ በየከተማው አለ።

ይህን ልጅ «ጨዋታውን ደጋግሞታል» እንበልን? አንበል። እንደገና መጀመር ሌላ ነው፤ መድገም ሌላ ነው። አንድን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፉን ሃያ ጊዜ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ሃያ ጊዜ አነበበው አይባልም። መድገም ማለት መጨረሻውን አውቆ፥ በዚያ ዕውቀት መጀመሪያውን በአዲስ ዓይን ማየት ነው። ስለዚህ የረጅም ጨዋታ የመጀመሪያው ፈተና መግቢያው ነው። መግቢያው በቀርፋፋ ትምህርትና ሊዘለል በማይችል ትዕይንት የተሞላ እንደ ሆነ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያምርም ለሁለተኛ ጊዜ ቀረጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» በበረዶ ተራራ ላይ በዝግታ ይጀምራል። ታሪኩን ለሚከተል ሰው ዝግታው የተገባ ነው፤ የስደተኞቹን ድካም በእግራችን ያስጠናናል። ነገር ግን ጨዋታውን ጨርሶ እንደገና ሊጀምር ያሰበ ሰው ያንን በረዶ ሲያስታውስ ጆይስቲኩን መልሶ ያስቀምጣል።

ይህን ችግር አስቀድሞ ያወቀ አንድ አሮጌ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የወጣው የኒንቴንዶው «ሱፐር ማሪዮ» የተደረሰበትን ቦታ አያስቀምጥም ነበር፤ የወደቀ ከመጀመሪያ ይነሣል። ሠሪዎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ውስጥ ቱቦ ደበቁ። ቱቦውን ያገኘ ሰው ብዙ ዓለም ዘሎ ወደፊት ይሄዳል። ጀማሪው ረጅሙን መንገድ ይሄዳል፤ የለመደው አቋራጩን ይይዛል። አንዱ ጨዋታ ለሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ርዝመት አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢደገም አይሰለችም።

ስለ «ሳን አንድሪያስ»ም ቢሆን ፍርዳችን ሙሉ በሙሉ እንዲከብድበት አንፈልግም። ሚሞሪ ካርድ የሌለው ልጅ ታሪኩን ትቶ በከተማው ውስጥ መኪና እየነዳ፥ ከፖሊስ እየሸሸ፥ ኮረብታ እየወጣ ግማሽ ሰዓቱን ሲያጣጥም ይታያል። ይህ የሆነው በረጅሙ ጨዋታ ሆድ ውስጥ ብዙ ትንንሽ፥ በራሳቸው የተሟሉ ጨዋታዎች ስላሉ ነው። ማሳደዱ መጀመሪያ አለው፥ መካከል አለው፥ መጨረሻ አለው። እንግዲህ ረጅም ጨዋታ የመደጋገም ዋጋ የሚኖረው በውስጡ አጫጭር ሙሉ ነገሮችን ሲይዝ ነው።

አሁን ወደ አጭሩ እንሻገር። በጌም ቤቶቻችን ነጋሢው እግር ኳስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙን «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ቢለውም ሰው እስከ ዛሬ «ፊፋ» ይለዋል። የነገሠበትን ምክንያት ብዙ ሰው የአውሮፓ ክለቦች ፍቅር ነው ይላል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት አይደለም። ዋናው ምክንያት የግጥሚያው ርዝመት እንደ ተፈለገ የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑ ነው። በኢንተርኔት በሚደረገው ውድድር አንዱ አጋማሽ 6 ደቂቃ ነው። በቤት ውስጥ ግን ማሳጠርም ማስረዘምም ይቻላል።

እንግዲህ በጌም የሚያስከፍል ባለቤት አጋማሹን ባሳጠረው ቁጥር በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ይህ ነጋዴነት ነው፤ በነጋዴነቱ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ አጋማሹ ከልክ በላይ ሲያጥር ምን እንደሚሆን አስተውሉ። መጀመሪያ ያገባ አሸነፈ ማለት ነው። የተሸነፈው ኳሱን ለመያዝ፥ አሰላለፉን ለመቀየር፥ የተቃራኒውን ዘዴ ለማየት ጊዜ የለውም። ዕድል ችሎታን ትበልጣለች። ዕድል ብቻ የሚገዛው ጨዋታ ደግሞ ቢደጋገምም የሚያስተምረው የለም፤ ዳይ እንደ መወርወር ነው።

አጋማሹ ከልክ በላይ ሲረዝምስ? ግቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ 9 ለ 7 ይሆናል፤ ግብ ርካሽ ይሆናል። ደካማው አስቀድሞ መሸነፉን ካወቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሠቃያል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለው ሕዝብም መነጫነጭ ይጀምራል።

ስለዚህ የአንድ ዙር ትክክለኛ ርዝመት የቱ ነው? የእኛ መልስ በደቂቃ የሚቆጠር አይደለም። የተሸነፈው ሰው ለማንሠራራት የሚበቃ ጊዜ ያገኘበት፥ ባያንሠራራም ለምን እንደ ተሸነፈ አውቆ የሚነሣበት ርዝመት ነው። «ግራ ክንፌን ክፍት አድርጌ ተሸነፍሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው ነገ ይመለሳል፤ ግራ ክንፉን ዘግቶ ይመለሳል። «ምን እንደ ሆነ እንጃ» ብሎ የሚነሣ ሰው ግን አሁኑኑ መልሶ መጫወት ይፈልጋል፤ የሚመልሰው ዕውቀት ሳይሆን እልህ ነው። ይህ ልዩነት የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ነውና አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ባለቤትና ርዝመት የተያያዙት በእኛ ከተሞች ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ በሳንቲም በሚሠራ ሣጥን በነበረበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. እንደ ወጣው «ፓክማን» ያሉት ጨዋታዎች ፈጥነው የሚከብዱት በምክንያት ነበር። ተጫዋቹ ቶሎ ካልወደቀ ሁለተኛው ሳንቲም አይገባም። ነገር ግን ሠሪዎቹ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ አወዳደቁ ፍትሐዊ ካልመሰለው ተጫዋቹ ሣጥኑን ረግጦ ይሄዳል። ስለዚህ ጨዋታው አጭር ሆኖም ሰውዬው ስሕተቱን በዓይኑ እንዲያይ ተደርጎ ተሠራ። ማጠር ብቻውን ገንዘብ አላስገባም፤ ማጠር ከፍትሕ ጋር ነው ያስገባው። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ጌም ቤት ባለቤቶችም ይህ ትምህርት ይጠቅማቸዋል።

ወደ ገዛ አባቶቻችን ጨዋታ ብንመለስ ይኸው ጥበብ ይገኛል። ሠንጠረዥ የሚባለው የቀድሞ የኢትዮጵያ ቼዝ «ወረራ» በሚባል ክፍል ይጀመር ነበር። በወረራው ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ እጃቸው እንደ ፈጠነ፥ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ምርኮ ሲወሰድ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ የሆነው ጸጥተኛ ጨዋታ ይቀጥላል። የሌላው ዓለም ቼዝ መግቢያው ዝግተኛ ነው፤ የመክፈቻ ስልቶቹን ለማጥናት መጽሐፍ ተጽፎለታል። የእኛዎቹ መግቢያውን ወደ ሩጫ ለወጡት። ስለ አረማመድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም፤ ፈጣን መግቢያ፥ የሚያሳስብ መካከል፥ የከበረ መጨረሻ። ገበጣም እንዲሁ ነው። ባለ ሁለት ረድፍም ሆነ ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ ሕጉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ ጠጠሩ ሲዘራ ግን አንዱ ዙር ሌላውን አይመስልም።

ቅኔንም እናስብ። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ 8 ቤት ነው። መልኩ የታወቀ፥ መጠኑ የተወሰነ ነው። ነገር ግን በማኅሌት ላይ አንድ ጊዜ የተነገረውን ቅኔ ባለ ቅኔው ሌላ ቀን አምጥቶ ቢያሰማው ነውር ነው። የሚደገመው መልኩ ነው፤ የሚሞላው ነገር ሁልጊዜ አዲስ ነው። መልካም ግጥሚያም እንዲሁ ነው። ሜዳው ያው ነው፥ ደቂቃው ያው ነው፤ የዛሬው ግጥሚያ ግን የትናንቱ አይደለም።

ይህን ስንል ረጅም ነገር ሁሉ አይደገምም ማለታችን እንዳይመስል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ከረጃጅሞቹ ልብ ወለዶቻችን አንዱ ነው፤ ሆኖም ስንቱ ሰው ደጋግሞ አንብቦታል! በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲያነበው ደግሞ ሕዝቡ በክፍል በክፍል ተካፍሎ ሰማው። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የሚያጠግብ፥ ቀጣዩንም የሚያስናፍቅ ነበር። ሰሚው ማታውን ሁሉ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ማንም አላስገደደውም፤ ክፍሉ ሲያልቅ ሬዲዮው ወደ ሌላ ዝግጅት ይሄዳል፥ ሰውም ወደ ሥራው ይሄዳል፥ ታሪኩ ግን በልቡ ይቀራል። ረጅም ነገር በመልካም ቦታ ላይ ሲቆረጥ አይሰለችም ማለት ነው። ታሪክ ያላቸው ረጃጅም ጌሞችም ሊማሩት የሚገባቸው ይህን ነው።

የመደጋገምን ዋጋ የሚያሳይ ሌላ የአካባቢያችን ምስክር እንጥራ። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌላውም ከተማ ወደ ጉራጌ የሚገባው ወጣት ብዙ ነው፤ በአረፋም ጊዜ ወደ ቡታጅራና ወደ አካባቢዋ የሚመለሰው እንዲሁ። ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ወንድማማቾች ክትፎው ከተበላና ዘመድ ከተጠየቀ በኋላ ከተማ ወርደው ጌም ቤት ይገባሉ። የሚጫወቱት ምንድን ነው? ግጥሚያ ነው። ምክንያቱም ዓመት ሙሉ ያልነካው ወንድም በአንድ ግጥሚያ ውስጥ እጁን ይፈታል፤ በሁለተኛው ይፎካከራል። ረጅም ታሪክ ቢሆን ኖሮ አንዱ የት እንደ ደረሰ ረስቷል፥ ሌላው ጨርሶ ቆይቷል፤ አብሮ መቀመጫ አይኖራቸውም ነበር። ከዓመት በኋላ ተመልሰን ልንገባበት የምንችለው ጨዋታ የእውነት የመደጋገም ዋጋ አለው።

እስከዚህ ድረስ አጭሩን ዙር ያሞገስን ይመስላል። አሁን ግን ወላጆቻችንን የሚያስደንቀውን ነገር መናገር አለብን። ሌሊታችንን የሚበላው አጭሩ ጨዋታ ነው፤ ረጅሙ አይደለም።

ረጅም ጨዋታ የሚጫወት ተማሪ ቢያንስ የሚያቆምበት ቦታ አለው፤ ምዕራፉ ያልቃል፥ ታሪኩ ያርፋል፥ እርሱም ይደክመዋል። አጭር ጨዋታ ግን ሁልጊዜ «አንድ ብቻ» ይላል። «አንድ ብቻ» የሚባለው ዙር ዐሥር ደቂቃ ስለሆነ ማንም ሰው ዐሥር ደቂቃን አይፈራም። እንዲህ እየተባለ ሦስት ሰዓት ያልፋል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ያው ተማሪ ፈተና አለብኝ ብሎ አይነካውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በሞስኮ የተሠራው «ቴትሪስ» ማለቂያ የሌለው ጨዋታ ነው፤ እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ «አሸነፍህ፥ ሂድ ተኛ» አይልም። በስልካችን ላይ ያሉት ሩጫዎች አብዛኞቹ የእርሱ ልጆች ናቸው። ከአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የወጣው «ኩኩሉ» እንኳ፥ ዶሮዋን ከአራጇ ሲያስመልጥ የገዛ አገራችንን መልክ ስላሳየን የምንኮራበት ሆኖ ሳለ፥ በመልኩ ከዚሁ ከማያልቀው ሩጫ ወገን ነው።

በጌም ቤት ደግሞ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለው ሕግ ይጨመርበታል። የተሸነፈው ገንዘቡን ለማስመለስ ይቀመጣል፤ ያሸነፈው ስላልከፈለ የሚነሣበት ምክንያት የለውም። ሕጉ ሁለቱንም ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ ገንዘብ የተያዘበት ግጥሚያ ከሆነ፥ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ቁማር ይሆናል። ከቤተሰብ የተላከ የወር ብር በአንድ ምሽት በእንዲህ ያለ መንገድ ሲያልቅ ማየት ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። እንግዲህ «ሰው ደጋግሞ ይጫወተዋል» ማለት ለአንድ ጨዋታ ምስጋና ነው ወይ? የግድ አይደለም። የጥርስ ሕመምም ደጋግሞ ይመጣል።

ስለዚህ ሁለቱን እንለይ። ዛሬ የማይለቅ ጨዋታ አለ፤ ነገ የሚናፈቅ ጨዋታ አለ። መለያው ቀላል ነው። ከጨዋታው ተነሥታችሁ ወደ ካምፓስ ስትመለሱ መንገድ ላይ የምታወሩት አላችሁን? «ያችን ኳስ እንዴት እንዳሳለፍካት!»፥ «ያ ሰውዬ ወንድሙን የካደው ለምን ይመስልሃል?» ትባባላላችሁን? እንዲህ ከሆነ ጨዋታው አብሯችሁ መጥቷል፤ ነገም ትናፍቁታላችሁ። ነገር ግን በመንገድ ላይ ዝም ካላችሁ፥ የቀረ ነገር ቢኖር የዓይን መቃጠልና የብር ማነስ ብቻ ከሆነ፥ ደጋግማችሁ አልተጫወታችሁም፤ ተደጋገመባችሁ እንጂ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሁለት መቃወሚያ እንደሚያነሡ እናውቃለን። አንደኛው «ድኻ ተማሪ ነን፤ አንድ ረጅም ጌም ከጓደኛ ገልብጦ ዓመቱን መጫወት ያዋጣል» የሚል ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን በተጫወቱት ሰዓት ብቻ ዋጋ የሚተመን ከሆነ፥ በመልካም የተሠራችው አጭር ጨዋታ ሁሉ ዋጋ ቢስ ልትሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የወጣው «ፖርታል» በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨረሳል። የሚያስተምረውን ያስተምራል፥ ሳይሰለች ያቆማል፤ ምሥጢሩን ያወቀ ሰው ደግሞ አሠራሩን ለማየት ይመለስበታል። በተቃራኒው ብዙ ረጃጅም ጌሞች በመካከል ያው አንድ ሥራ ስሙ እየተለወጠ የሚመላለስባቸው ናቸው፤ ወጥ ውኃ እንደ ተጨመረበት ናቸው። ውኃው ድስቱን ይሞላዋል፤ ሆድ ግን አይሞላም።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ጨዋታው ምን አደረገ? ፈቃድ ያጣው ተጫዋቹ ነው» የሚል ነው። ለፈቃድ ያለን ክብር ከማንም አያንስም። ነገር ግን ሰው ፈቃዱን የሚሠራበት በር ያስፈልገዋል። ምዕራፉ ሲያልቅ፥ ግጥሚያው ሲያበቃ፥ «እዚህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ» ሲባል በሩ ይከፈታል። በሩን ሆን ብሎ የደበቀ ሠሪ፥ የፈቃድ ማነስን ለተጫዋቹ ብቻ ሊያሸክመው አይገባም።

ከማማረር ማድረግ ይሻላልና አሳባችንን በሚሠራ ነገር እንደምድመው።

አንደኛ፤ ማኅበራችን ለመዝናኛ የጌም ውድድር ባዘጋጀ ጊዜ አጋማሹ ከ6 ደቂቃ አይነስ፤ አሸናፊም ከሁለት ግጥሚያ በላይ ወንበር አይያዝ። የተሸነፈ ይነሣ እንጂ የተሸነፈ አይክፈል። ክፍያ ካስፈለገ ሁለቱም እኩል ይክፈሉ፤ ያን ጊዜ የሚቀመጡት ለጨዋታው ብለው ይሆናል።

ሁለተኛ፤ በሳምንት አንድ ምሽት ለረጅም ታሪክ ጨዋታ ይሰጥ። አንድ ሰው ይጫወት፥ ሌላው ይመልከት፥ ይምከር፥ ይከራከር፤ የተደረሰበት ቦታ በማኅበሩ ስም ይቀመጥ፥ በሳምንቱ ከዚያው ይቀጥል። ወጋየሁ በሬዲዮ እንዳደረገው ታሪኩ በክፍል ይሰጠን። ረጅሙን ጨዋታ ብቻውን ለመጨረስ አቅም ያጣ ተማሪ ሁሉ እንዲህ አድርጎ መጨረሻውን ያያል።

ሦስተኛ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉ የጌም ቤት ባለቤቶች ወንድሞቻችን ናቸውና በክብር እንጠይቃቸዋለን። አጋማሹን ስንት ደቂቃ እንዳደረጋችሁት በግድግዳ ላይ ጻፉልን። ከአንድ ምሽት ሳንቲም ይልቅ የዓመት ደንበኛ ይበልጣል።

አራተኛ፤ በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ላላችሁ፥ ነገ የአገራችሁን ጌም ለምትሠሩ ጓደኞቻችን። የምትሠሩት መብራት ለሚጠፋበት አገር፥ ተራ ለሚጠበቅበት ወንበር፥ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመለስ ወንድም መሆኑን አትርሱ። መግቢያችሁ እንደ ወረራው ፈጣን ይሁን፤ የደረስንበትን በየደቂቃው አስቀምጡልን፤ አንዱ ዙር ሩብ ሰዓት ቢሆን የተሟላ ሩብ ሰዓት ይሁን። ከሁሉ በላይ በር ሥሩልን፤ በዚያ በር ወጥተን እንድናጠና፥ ነገም በፈቃዳችን በዚያው በር እንድንመለስ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ የተማሪነት ዘመናችን አጭር ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ምሽት ግን ረጅም ሊሆን ይችላል። ምሽቱን እናንተ ተጫወቱበት፤ ምሽቱ አይጫወትባችሁ።